ልገዛ ወይስ አልገዛም? ክርስቲያን ስለ መንግሥት ከሚይዛቸው አቋሞች የትኛውን ይምረጥ

መንግሥት የሚለው ቃላችን ድርብ ሸክም አለበት። ግብር የሚሰበስበው፣ ፍርድ ቤት የሚያቆመው፣ ጦር የሚያዘምተው መንግሥት ነው። ጠዋት ማታ «መንግሥትህ ትምጣ» ብለን የምንጸልይለትም መንግሥት ነው። ለሁለቱ የተለያየ ቃል ያላቸው ቋንቋዎች አሉ። እኛ ግን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ጥያቄው ከራሱ ከጸሎቱ ውስጥ ይነሣል። ያኛው መንግሥት ሲመጣ ይሄኛው ምን ይሆናል? እስኪመጣ ድረስስ ለይሄኛው ምን ያህል ልገዛ?

መልሱ አንድ አይደለም። አንዱ ሮሜ 13ን ገልጦ «ባለ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው፤ ታዘዝ» ይላል። ሌላው 1ኛ ሳሙኤል 8ን ገልጦ «ሰው ንጉሥ የጠየቀ ዕለት እግዚአብሔርን ንቋል» ይላል። ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። በመካከላቸው ደግሞ ሦስት ሌሎች መንገዶች አሉ። ይህን የጻፍኩት የትኛውን ልያዝ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ነው። የራሴን ከወዲሁ ልናገር። የማደላው ከታች አራተኛ ወዳስቀመጥኩት ነው። አምስተኛው ግን፣ ክርስቲያናዊ አናርኪዝም የሚባለው፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ

«አናርኪ» ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ሥርዓተ አልበኝነት ነው። ዘረፋ፣ እሳት፣ ጉልበተኛ እንዳሻው የሚሆንበት መንደር። ቃሉ ግን ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ያለ ገዢ» ማለት ነው። ያለ ገዢ መሆንና ያለ ሥርዓት መሆን አንድ ናቸው ወይ? ክርክሩ በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው። ክርስቲያን አናርኪስት «አይደሉም» ይላል። ለእሱ ንጉሥም ሕግም አለ። ንጉሡ እግዚአብሔር ነው፤ ሕጉም የተራራው ስብከት ነው። እምቢ የሚለው ሰው ሰውን በጉልበት የመግዛት መብት አለው የሚለውን ሐሳብ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ቦምብ ወርዋሪዎች አይደሉም። እንዲያውም መንግሥትን በኃይል መገልበጥን ያወግዛሉ፤ ያው ሰይፍ እጅ ቀየረ እንጂ ምን ተለወጠ ባዮች ናቸው። ይህን ሳያውቁ አቋሙን ማጣጣል ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ማንም ዘሎ የማያልፋቸው ሦስት ቦታዎች

የትኛውንም አቋም ብትይዙ ሦስት የመጽሐፍ ቅዱስ ቦታዎች መንገድ ላይ ይጠብቋችኋል።

የመጀመሪያው 1ኛ ሳሙኤል 8 ነው። ሽማግሌዎቹ ሳሙኤልን «እንደ አሕዛብ ሁሉ የሚፈርድልን ንጉሥ አድርግልን» አሉት። ቅሬታቸው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። የሳሙኤል ልጆች ጉቦ ይበሉ ነበር፤ ፍርድ ያጣምሙ ነበር። የእግዚአብሔር መልስ ግን ከባድ ነው። አንተን ሳይሆን እኔን ነው የናቁት፣ እንዳልነግሥባቸው ነው አለ። ከዚያ ሳሙኤል የንጉሥን ወግ ይዘረዝራል። ወንዶች ልጆቻችሁን ለሰረገላው ይወስዳል። ሴቶች ልጆቻችሁን ሽቶ ቀማሚና ወጥ ሠሪ አድርጎ ይወስዳል። ከእርሻችሁና ከወይናችሁ መልካም መልካሙን ይወስዳል። ከዘራችሁ፣ ከመንጋችሁ አሥራት ይወስዳል። «ይወስዳል» የሚለው ቃል እንደ መዶሻ ይመላለሳል። ዝርዝሩ የሚያበቃው እናንተም ባሪያዎች ትሆኑለታላችሁ በሚል ቃል ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በመሳፍንት 8፣ ሕዝቡ ጌዴዎንን ግዛን ሲለው እሱም ልጁም እንደማይገዟቸው፣ የሚገዛቸው እግዚአብሔር እንደሆነ ነግሮ አሰናበታቸው። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ኢዮአታም ተራራ ላይ ቆሞ የሚናገረው ምሳሌ አለ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ። ወይራው ዘይቴን ትቼ ልሂድ ወይ አለ። በለሱ ጣፋጭ ፍሬዬን አለ። ወይኑም እንዲሁ። እሺ ያለው እሾሁ ብቻ ነው። እሾሁም «ኑ፤ ከጥላዬ በታች ተጠለሉ» አለ። የእሾህ ጥላ ምን ያህል ነው? ሥራ ያለው ዛፍ ሥልጣን አልፈለገም፤ የፈለገው ፍሬ የሌለው ነው። ለሥልጣን ስለሚሽቀዳደም ሰው ከዚህ የበለጠ የተነገረ አላውቅም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «መጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥን ይከለክላል» ማለት አያስኬድም። እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ሳሙኤልን ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው ያዘዋል። ዘዳግም 17 ለንጉሥ ቦታ ይሰጣል፤ ግን በልጓም ነው። ፈረስ አያብዛ፣ ሚስት አያብዛ፣ ብርና ወርቅ አያከማች፣ የሕጉን ቅጂ ጽፎ በየቀኑ ያንብብ፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ አይታበይ። መጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ ንጉሥ ስላልነበረ ሁሉም ደስ ያለውን ያደርግ ነበር ብሎ ነው የሚዘጋው። ይህን የሚለው ደግሞ ከተደፈረችና ከተገደለች ሴት ታሪክ በኋላ ነው። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ሥልጣን ተፈቅዷል፤ ግን የመጀመሪያው ምርጫ አልነበረም። ዋጋው ቀድሞ ተነግሯል።

ሁለተኛው ሮሜ 13 ነው። ለዓመታት ከቁጥር 1 ጀምሬ ነበር የማነበው። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ስናጠና አንዲት እህት «እስቲ ከምዕራፍ 12 ጀምራችሁ አንብቡልኝ» አለች። ጳውሎስ ደብዳቤውን በምዕራፍ አልከፋፈለውም፤ ዛሬ የምናውቀው ክፍፍል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አነበብነው። የሚያሳድዷችሁን መርቁ። ክፉን በክፉ አትመልሱ። ራሳችሁ አትበቀሉ። ጠላትህ ቢራብ አብላው። ክፉውን በመልካም አሸንፍ። ከዚያ ትንፋሽ ሳንወስድ «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» ተከተለ። ቤቱ ጸጥ አለ። በምዕራፍ 12 «አትበቀሉ» የተባለው ሰው አለ፤ በምዕራፍ 13 ደግሞ ሰይፍ የታጠቀ፣ ክፉ አድራጊውን የሚበቀል የእግዚአብሔር አገልጋይ አለ። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ ወይ?

አምስቱ አቋሞች የሚለያዩት እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ «ይችላሉ፤ በግሉ የተከለከለውን በሹመቱ ይሠራዋል» ይላል። ሌላው «አገልጋይ መባል መመስገን አይደለም» ይላል። ኢሳይያስ 10 አሦርን የእግዚአብሔር ቁጣ በትር ይለዋል። ኤርምያስ ናቡከደነፆርን በእግዚአብሔር አፍ «ባሪያዬ» ይለዋል። እስራኤላዊው ግን ሄደህ የናቡከደነፆርን ጦር ተቀላቀል አልተባለም። አናርኪስቱ ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ለእሱ በምዕራፍ 13 ያሉት ባለ ሥልጣኖች በምዕራፍ 12 የተጠቀሱት አሳዳጆች ራሳቸው ናቸው፤ መገዛቱም ጠላትን የመውደድ አንድ መልክ ነው።

ጳውሎስ ይህን የጻፈው በ57 ገደማ ነው። ዙፋን ላይ የነበረው ኔሮን ነው፤ በሮም ክርስቲያኖች ላይ ስደት ያስነሣውም ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ64 ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ደግሞ በ58 ሕዝቡ በቀረጥ ሰብሳቢዎች ላይ ማማረሩን መዝግቧል። ቁጥር 6 እና 7 ላይ ጳውሎስ ስለ ግብርና ቀረጥ አንሥቶ የሚያሳስበው ከአየር ላይ ቀጥፎ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ የአማርኛው ትርጉም ጥሩ አድርጎ ጠብቆልናል። ሮሜ 13 «ይገዛ» ይላል። የሐዋርያት ሥራ 5፥29 ላይ ጴጥሮስ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር «ልንታዘዝ ይገባል» ይላል። መገዛትና መታዘዝ። በግሪኩም ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ልዩነቱን ማየት የፈለገ ዳንኤል 3ን ያንብብ። ሦስቱ ወጣቶች ለምስሉ አልሰገዱም፤ ትእዛዙን አልታዘዙም። ግን አልሸሹም፣ አልተዋጉም፤ ወደ እሳቱ ሲጣሉ ቅጣቱን ተቀበሉ። አልታዘዙም፤ ተገዝተዋል።

ሦስተኛው ስለ ዲናሩ የሚናገረው ማርቆስ 12 ነው። ወጥመዱ የታወቀ ነው። «ግብር ይከፈል» ካለ ሕዝቡ ይጠላዋል፤ «አይከፈል» ካለ ሮም ትይዘዋለች። ኢየሱስ «ዲናር አምጡልኝ» አለ። ልብ በሉ፤ እሱ ጋ የለም። ጠያቂዎቹ ጋ ግን ተገኘ፤ ያውም በቤተ መቅደሱ ግቢ። በዘመኑ ይዘዋወር በነበረው ዲናር ላይ የጢባርዮስ ራስ ተቀርጾ ነበር፤ ዙሪያውን የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ የሚል ተጽፎበት። «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» «የቄሣር።» እንኪያስ የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ርስት ክፍፍል ይሰማዋል፤ ግማሹ የዚህ፣ ግማሹ የዚያ። እኔን የሚይዘኝ ግን «መልክ» የሚለው ቃል ነው። ዘፍጥረት 1 ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ይላል። ሳንቲሙ የቄሣር መልክ አለበት፤ ለቄሣር ይመለስለት። ሰውየው የእግዚአብሔር መልክ አለበት፤ ለማን ይመለስ? እዚህ ላይ አናርኪስቶቹ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ቄሣር ሰውን የእኔ ነው ማለት አይችልም። ግን ከዚህ ጥቅስ ግብር አልከፍልም የሚል መደምደሚያ ማውጣት ቃሉን ማስገደድ ነው። «ለቄሣር አስረክቡ» በግልጽ ተብሏል።

አንደኛ፦ ታዛዥነት

መንግሥት የእግዚአብሔር ሥርዓት ነው፤ ግብርህን ክፈል፣ ሲጠሩህ ዝመት፣ ሹመት ሲሰጥህ ተቀበል። እምቢ የምትለው በቀጥታ ኃጢአት ሥራ ስትባል ብቻ ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 2 እና ቲቶ 3 ከዚህ አቋም ጋር ይቆማሉ። ጥንካሬው ሥርዓት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚረገጠው ደካማው መሆኑን ማወቁ ነው። ሽፍታ በነገሠበት ቦታ ያደገ ሰው ይህን አቋም በቀላሉ አይንቀውም።

ድክመቱ ግን በደም ተጽፏል። በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ፣ ሰውን በዘር የሚለያየው ሥርዓት፣ ሮሜ 13 እየተጠቀሰ ተሰበከ። በ1985 የአገሩ የሥነ መለኮት ሰዎች አፓርታይድን ተቃውመው ያወጡት የካይሮስ ሰነድ ይህን አካሄድ «የመንግሥት ሥነ መለኮት» ብሎ ሰየመው፤ ያለውን ግፍ በእግዚአብሔር ስም የሚባርክ ነው አለ። የፈርዖን ዕብራውያት አዋላጆች ይህን አቋም እንደ ወረደ ቢይዙት ኖሮ ሙሴ ባልኖረ ነበር። ይህን የምትመርጡ ከሆነ «እምቢ» የምትሉበትን መስመር ዛሬውኑ በወረቀት ላይ አስምሩ። ትእዛዙ ሲመጣ ለማስመር ጊዜ አይኖርም።

ሁለተኛ፦ ሁለቱ መንግሥታት

ማርቲን ሉተር በ1523 ያብራራው ነው። እግዚአብሔር በሁለት እጁ ይገዛል፤ በአንዱ በወንጌል፣ በሌላው በሰይፍ። ክርስቲያን ለራሱ ሲሆን ሌላኛውን ጉንጩን ያዞራል፤ ለጎረቤቱ ሲሆን ግን ሰይፍ ይይዛል። ሉተር የሞት ፍርድ አስፈጻሚ ወይም ወታደር ቢጠፋ ክርስቲያኑ ራሱ ቦታውን ይሙላ እስከ ማለት ደርሷል። ለፖሊስ፣ ለዳኛ፣ ለወታደር ይህ አቋም እፎይታ ነው። መጥምቁ ዮሐንስም ለጠየቁት ወታደሮች ማንንም አትግፉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አለ እንጂ ሥራችሁን ልቀቁ አላለም።

የሚያሰጋው ሰውን ለሁለት መሰንጠቁ ነው። እሑድ አንድ ሰው፣ ሰኞ ሌላ ሰው። በናዚ ዘመን ብዙ የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት «ያ የመንግሥት ጉዳይ ነው» እያሉ ዝም ያሉት በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ነው። ከውስጣቸው የወጡት በ1934 በባርመን ተሰብስበው ክርስቶስ ጌታ ያልሆነበት የሕይወት ክፍል የለም ብለው ማወጅ አስፈልጓቸዋል።

ሦስተኛ፦ ገብቶ ማደስ

ዮሴፍ፣ ዳንኤል፣ አስቴር። ቤተ መንግሥት ገብተው ሰው አዳኑ። ካልቪን ክፉ ንጉሥን የመግታት ግዴታ የበታች ሹማምንት ላይ እንዳለ አስተማረ። የኔዘርላንድሱ ሰባኪ አብርሃም ካይፐር ፓርቲ መሥርቶ ከ1901 እስከ 1905 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዊልያም ዊልበርፎርስ በእንግሊዝ ፓርላማ ሃያ ዓመት ገደማ ታግሎ በ1807 የባሪያ ንግድ በሕግ እንዲታገድ አደረገ። ባርነትን ራሱን የሚያስቀረው ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ማለፉን የሰማው በ1833፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ይህን ውጤት አይቶ «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» የሚል ሰው መልስ መስጠት አለበት። እኔም አለብኝ።

ነገር ግን የዮሴፍን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ነው? ዘፍጥረት 47ን ተመልከቱ። ረሀቡ ሲጠና ሕዝቡ ብሩን ለእህል ሰጠ። ብሩ ሲያልቅ ከብቱን ሰጠ። ከብቱ ሲያልቅ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ። ይህን ያስፈጸመው ዮሴፍ ነው። ሕዝቡ ከሞት ተረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አገሩ በሙሉ የፈርዖን ሆነ። ሌላ ፈርዖን ሲነሣ የዮሴፍን ዘሮች በባርነት የገዛው ይህንኑ ጉልበት ይዞ ነው። ቅን ሰው ለቅን ዓላማ የሠራው መሣሪያ እሱ ከሞተ በኋላም ስለታም ነው። ይህን አቋም የምትይዙ ሰዎች ይህን ምዕራፍ በዓመት አንዴ አንብቡት እላለሁ።

አራተኛ፦ ተለይቶ መመስከር

የካቲት 1527 በስዊዘርላንዷ ሽላይትሃይም የተሰበሰቡ አናባፕቲስቶች፣ ጥምቀት አምኖ ለሚጠይቅ ሰው እንጂ ለሕፃን አይደለም የሚሉ ክርስቲያኖች፣ አንድ ድንቅ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ሰይፍ ከእግዚአብሔር የተሠራ ነው፤ ግን ከክርስቶስ ፍጽምና ውጪ ነው። መንግሥትን አይሰድቡም፤ ሥራ አለው ይላሉ። ያ ሥራ ግን የእኛ አይደለም። ግብር ይከፍላሉ። ሰይፍ አይታጠቁም፣ አይምሉም፣ አይሾሙም። ሰነዱን በማርቀቅ ዋነኛ የነበረው ሚካኤል ዛትለር በዚያው ዓመት ግንቦት ተሠቃይቶ ተገደለ።

ይህ አቋም በሥራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ወደ 1569 ኔዘርላንድስ ኑ። ዲርክ ቪለምስ የሚባል አናባፕቲስት ከታሰረበት አምልጦ በቀጭን በረዶ ላይ እየሮጠ ነው። በእስር ምግብ ከስቷል፤ በረዶው ቻለው። የሚያሳድደው ጠባቂ ግን ጠግቦ የበላ ሰው ነበር፤ በረዶው ሥሩ ተሰበረ። ውኃው ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። ዲርክ ማዶ ደርሷል፤ ነፃ ነው። ቆመ። ተመለሰ። እጁን ዘርግቶ ሰውየውን አወጣው። ባለ ሥልጣኑ ከዳር ሆኖ ያዘው ብሎ ጮኸ፤ ተያዘ። ግንቦት 16 ቀን በእሳት ተቃጠለ። ሮሜ 12ንና 13ን በአንድ ትንፋሽ የኖረ ሰው እሱ ይመስለኛል።

ከእንግሊዝ የተነሡት፣ ጦርነትን የሚቃወሙት ክዌከሮች የዚህ አቋም ዘመድ ናቸው። በሰሜን አሜሪካዋ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በፔንሲልቬንያ ሥልጣን በእጃቸው ገብቶ ነበር፤ የምክር ቤቱ ብዙዎቹ ወንበሮች የእነሱ ነበሩ። በ1756 ቅኝ ግዛቲቱ ዴላዌር በሚባሉት የአሜሪካ ተወላጆች ላይ ጦርነት ስታውጅ ከመካከላቸው የተወሰኑት ወንበራቸውን ለቀቁ። ሥልጣን ይዞ እጅን ንጹሕ ማድረግ እስከ የት እንደሚያስኬድ የተፈተነው እዚያ ነው።

ነቀፌታውን አልሸሽም። ሌላው በታጠቀው ሰይፍ ጥላ ሥር ተኝቶ «እኔ ሰይፍ አልይዝም» ማለት ቀላል ነው። ጎረቤቴ በሌሊት በሩ ሲሰበር ፖሊስ ልጥራ ወይስ አልጥራ? ብጠራ፣ እኔ የማልይዘውን ሰይፍ በሌላ ሰው እጅ መያዜ አይደለም ወይ? እስካሁን ሙሉ መልስ የለኝም። እጠራለሁ።

አምስተኛ፦ ክርስቲያናዊ አናርኪዝም

ሥሩ ከዘመናዊው ቃል ይቀድማል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቦሄምያ የኖረው ፔተር ሄልቺትስኪ እምነትን በመረብ መሰለው። ሁለት ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች መረቡን ቀደዱት፤ አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሌላው የሮም ጳጳስ ነው። ለእሱ ቤተ ክርስቲያን የወደቀችው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከቆስጠንጢኖስ ጋር እጅ ለእጅ የተያያዘች ዕለት ነው።

ሩስያዊው ደራሲ ቶልስቶይ ከእሱ ተምሯል። «ክፉውን አትቃወሙ» የሚለውን ቃል እንደ ወረደ ከተቀበልን ጦር፣ እስር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም ይፈርሳል አለ። ይህን የጻፈበት መጽሐፍ በሩስያ ታገደ፤ በ1894 በጀርመን ታተመ። ወጣቱ ጋንዲ አንብቦት በጥልቅ ተነካ። ግን አንድ ነገር እወቁ። ቶልስቶይ ተአምራትንና ትንሣኤን አይቀበልም ነበር፤ በ1901 የሩስያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አባሏ እንዳልሆነ አወጀች። የተራራውን ስብከት ያለ ተነሣው ጌታ መሸከም ይቻላል ወይ? እኔ አልችልም።

ለዚህ ነው አቋሙን ከቶልስቶይ ይልቅ ከአሜሪካዊቷ ዶሮቲ ዴይ መማር የሚሻለው። ዴይ እስከ ሞቷ ታማኝ ካቶሊክ ነበረች። በ1933 ሜይ 1 ቀን በኒውዮርክ ከፒተር ሞረን ጋር «ካቶሊክ ወርከር» የሚባል ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረች። ከዚያ ቤት ተከፈተ፤ ለተራበ ሾርባ፣ ለማደሪያ የለሽ አልጋ። ሐሳቧ የመንግሥትን በር ከማንኳኳት በፊት የራስህን በር ክፈት የሚል ነው። በ1955 የከተማው ሰው ሁሉ ለኑክሌር ጥቃት ልምምድ መጠለያ ግባ ሲባል እሷና ጓደኞቿ መናፈሻ ውስጥ ቁጭ አሉ፤ ታሰሩ። ቅጣቱን ተቀበሉ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ደገሙት። አልታዘዙም፤ ተገዝተዋል።

ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ዣክ ኤሉል ደግሞ ከሁሉ በላይ ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያለ ገዢ የሚኖር ኅብረተሰብ ሙሉ በሙሉ እውን ይሆናል ብሎ አያምንም ነበር። ትግሉ ግን ያስፈልጋል አለ፤ ሥልጣን ሁልጊዜ ይስፋፋልና ሁልጊዜ የሚገፋው ያስፈልገዋል።

በሉቃስ 4 ሰይጣን የዓለምን መንግሥታት አሳይቶ «ይህ ሥልጣን ሁሉ ለእኔ ተሰጥቶአል» ሲል ኢየሱስ «ውሸት ነው» አላለውም። አናርኪስቶች ይህን አጥብቀው ይይዙታል። ሌሎች ደግሞ የሐሰት አባት የተናገረውን ለትምህርት መሠረት አናደርግም ይላሉ። እኔ ከዚህ ይልቅ ማርቆስ 10 ይከብደኛል። የአሕዛብ አለቆች በኃይል ይገዛሉ፤ «በእናንተስ እንዲህ አይደለም»። ይህ ለክርክር ብዙ ቀዳዳ የለውም።

ትልቁ መሰናክል ጳውሎስ ራሱ ነው። በሐዋርያት ሥራ 23 ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ሳንገድለው እህል አንቀምስም ብለው ተማማሉ። ያዳነው የሮም ጦር ነው፤ 200 ወታደር፣ 70 ፈረሰኛ፣ 200 ጦር የያዘ፣ በሌሊት አጅበው አወጡት። በምዕራፍ 25 ደግሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። አናርኪስቱ «ያገኘውን ተጠቀመ እንጂ አልመሠረተውም» ይላል። መልሱ ባዶ አይደለም፤ ግን ያንን ሁሉ ወታደር የሚሸፍን አይመስለኝም።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ?

በጥቅስ ብዛት አትመርጡትም። አምስቱም ጥቅስ አላቸው። እኔ የምመክረው ሦስት ቁርጥ ያሉ ጥያቄዎችን ማንሣት ነው፦ ግብሩ፣ ሰይፉ፣ ወንበሩ። ግብር ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል ይከፍላሉ፤ ከአናርኪስቶቹ መካከል ለጦር የሚውለውን አንከፍልም ያሉ አሉ። ስለዚህ ግብር ብዙ አይለያያችሁም። ሰይፉ ነው የሚለያያችሁ። ለግዳጅ ውትድርና ብትጠሩ ትሄዳላችሁ ወይ? አዎ ካላችሁ አራተኛውና አምስተኛው ከእጃችሁ ወጡ። አይ ካላችሁ ወደ ወንበሩ ሂዱ። ድምፅ ትሰጣላችሁ? ብትመረጡ ትቀመጣላችሁ? ሰይፍ የማይዝ ሰው ሰይፍ የሚያዝዝ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚገጥመው ክዌከሮቹን አስታውሱ።

የቆማችሁበትን ቦታም አትርሱ። ሥልጣን የምታገለግላችሁ ሰዎች ከሆናችሁ አንደኛው አቋም ሳይታወቃችሁ ይጣፍጣችኋል፤ ስለዚህ አምስተኛውን በደንብ አዳምጡ። ሥልጣን የጎዳችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ አምስተኛው ቁስላችሁን ሊያክላችሁ ይችላል፤ ንዴትን ከእምነት ለመለየት ጊዜ ውሰዱ። «አልገዛም» የሚለው ቃል ከትዕቢትም ከቅድስናም አፍ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። አራተኛውንና አምስተኛውን ብቻችሁን አትምረጡ። የአናባፕቲስቶቹ ወራሾች የሆኑት ሜኖናይቶች ማኅበር ነበራቸው። ዴይ ቤት ሙሉ ሰው ነበራት። ከዚያው ሐረግ የወጡት አሚሾች በ1965 ከአሜሪካ የጡረታ መድን መዋጮ ነፃ የወጡት ሽማግሌዎቻቸውን ራሳቸው ስለሚጦሩ ነው። መንግሥት የሚሠራውን አንፈልግም ያሉ ሰዎች ሥራውን በእጃቸው ሠርተውታል። ጎረቤቱ ሲታመም የማይጠይቅ፣ የወላጅ አልባውን ደጅ የማያውቅ ሰው «ንጉሤ እግዚአብሔር ብቻ ነው» ቢል ማንም አያምነውም።

መቀላቀልስ ይቻላል? ሁለተኛውና ሦስተኛው በቀላሉ ይጋባሉ። አራተኛውና አምስተኛው ጎረቤቶች ናቸው፤ ልዩነታቸው ሰይፍ በእግዚአብሔር ዕቅድ ውስጥ ቦታ አለው ወይ በሚለው ላይ ነው። አንደኛውና አምስተኛው አይታረቁም።

ገና ያልወሰነ ሰው በአንድ መቀመጫ 1ኛ ሳሙኤል 8ን፣ ዘፍጥረት 47ን፣ ከዚያ ሮሜን ከ12፥9 እስከ 13፥10 ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። ብቻውን ባይሆን ይመረጣል። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል ወታደር የነበረ ካለ መጀመሪያ እሱ ይናገር።